ቲክ ስንል የትኛውን ቲክ ነው?

በማኅበራችን ዓመታዊ የወጣቶችና የወላጆች ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ቃል ነው። «ቲክ» ትባላለች። ትንሽ ብትሆንም በየቤታችን ያደረሰችው ድንጋጤ ትንሽ አይደለም።

እዚህ ከተቀመጥነው ወጣቶች መካከል ከወላጆቹ ወይም ከአያቶቹ ጋር ኩፓት ሖሊም ገብቶ ያላስተረጎመ ማን አለ? አንዳንዶቻችን የጀመርነው ገና አንደኛ ደረጃ ሳለን ነው። ሮፌው በዕብራይስጥ ይናገራል፣ መሀል ላይ ከእንግሊዝኛ ፊደላት የተሠራ ምሕጻረ ቃል ይጥላል፣ ወዲያው ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ ይጽፋል። እናታችን ደግሞ የምታየው የእኛን ፊት ነው። «ምን አለ?» ትላለች። እኛም ከሰማነው ግማሹን ገብቶን፣ ግማሹን ገምተን አንድ ነገር እንላለን። እሷ ቤት ይዛ የምትሄደው ያንን ነው።

ስለዚህ የማኅበሩ ወጣቶች ተሰብስበን፣ በነርስነትና በአስተርጓሚነት የሚሠሩ ታላላቆቻችንን ጠይቀን፣ አንድ ቃል መርጠን እስከ ሥሩ ልንቆፍረው አሰብን። የመረጥናት ቲክን ነው። ምክንያቱም በአንድ ድምፅ ቢያንስ ሦስት ነገር ትላለች።

የመጀመሪያውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በዕብራይስጥ «ቲክ» ቦርሳ ነው፤ ልጆቻችን ጠዋት ጠዋት የሚሸከሙት። ያው ቃል ፋይል ማለትም ነው። «ቲክ ረፉኢ» የሕክምና ፋይል ነው። ረቫሓም ቲክ አለው፣ ፖሊስም ቲክ አለው፣ ፍርድ ቤትም ቲክ አለው። «ቲክ ተከፈተበት» ሲባል ማንም ወላጅ ደስ አይለውም።

ሁለተኛው ቲክ የሕክምና ቃል ነው፤ ከፈረንሳይኛ መጥቶ በዓለም ዙሪያ ተሠራጨ። ሰው ሳይፈልገው ድንገት የሚመጣ፣ የሚደጋገም እንቅስቃሴ ወይም ድምፅ ማለት ነው። በዕብራይስጥ ሲጻፍ ከፋይሉ ቲክ ጋር ፊደሉ ይለያያል፤ ጆሮ ግን ፊደል አያይም።

ሦስተኛው ቲክ የእንግሊዝኛው ነው፤ መዥገር ማለት ነው። ዕብራይስጡ «ቃርጽያ» ይለዋል። ነገር ግን የሐኪሞቹ ምሕጻረ ቃላት ከእንግሊዝኛ ስለሚመጡ፣ ልጆቻችንም ኢንተርኔት ላይ የሚፈልጉት በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ይሄም ቲክ ቤታችን ይገባል።

እንግዲህ እንበል፣ አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ ሮፌ ዘንድ ገባች። ልጁ ዓይኑን ያርገበግባል፣ ትከሻውን ይሰብቃል፣ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ሮፌው አይቶት «ዬሽ ሎ ቲክ» አለ። ሐኪሙ «ልጁ ቲክ የሚባለው ነገር አለበት» ማለቱ ነው። እናትዬው ግን የሰማችው «ልጁ ፋይል አለው» የሚል ነው። የማን ፋይል? የረቫሓ? ትምህርት ቤቱ ጽፎበት ይሆን? ልጄን ሊወስዱብኝ ይሆን? አስተርጓሚዋ የአሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጇ ብትሆን፣ እሷም ቲክን የምታውቀው በፋይልነትና በቦርሳነት ነው። ያቺ እናት ሁለተኛውን ቶር ብትተወው አንፈርድባትም። የተወችው ቸል ብላ አይደለም፤ ልጇን የጠበቀች መስሏት ነው። ልጁ ግን ማብራሪያ ሳያገኝ፣ ክፍል ውስጥ «ረባሽ» እየተባለ አንድ ዓመት ያልፈዋል።

አሁን ሁለተኛውን ቲክ ጠጋ ብለን እንየው።

ቲክ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የእንቅስቃሴ ነው፦ ዓይን ማርገብገብ፣ አፍንጫ መጨማደድ፣ አንገት ወርወር ማድረግ፣ ትከሻ መስበቅ። ሌላው የድምፅ ነው፦ ጉሮሮ መጠራረግ፣ እንፍ እንፍ ማለት፣ አንድን ድምፅ ወይም ቃል መደጋገም። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ከ10 እስከ 12 ዓመት አካባቢ ይበረታል፤ ከዚያ በብዙዎቹ ላይ ወደ ጉርምስናው መጨረሻ ይቀንሳል። በወንዶች ልጆች ላይ ከሴቶቹ ይልቅ ይበዛል። ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ዛሬ ዓይን ላይ የነበረው ከወር በኋላ ትከሻ ላይ ሊገኝ ይችላል። ልጁ ሲደክመው፣ ሲጨነቅ፣ ሲደሰትም ጭምር ይጨምራል።

ልጁ ለጥቂት ጊዜ ሊይዘው ይችላል። ሰው ማስነጠሱን እንደሚያፍነው ማለት ነው። እስቲ ማስነጠስ ሲመጣባችሁ አፍኑት፤ ትንሽ ትቆያላችሁ፣ በመጨረሻ ግን ይወጣል። ቲክ ያለበት ልጅ ትምህርት ቤት ቀኑን ሙሉ አፍኖ ውሎ ቤት ሲገባ ይለቀዋል። ወላጅም «ሞራዋ ዘንድ ደህና ሆኖ እየዋለ እኔ ዘንድ ሲመጣ ያበሳጨኛል» ይላል። ልጁ ግን ቤቱ የሚለቀው ቤቱ ስለሆነ ነው።

ከእኛ ባህል ጋር የሚጋጨውም እዚህ ላይ ነው። ልጅ በታላቅ ፊት አንገቱን ደፍቶ፣ ረጋ ብሎ እንዲቆም ነው ያደግነው። አያት ሲመክሩት ፊቱን የሚጨማድድ ልጅ ያሽሟጠጠ ይመስላል። «ተው!» ይባላል፣ «ቀጥ ብለህ ቁም!» ይባላል፣ አንዳንዴም ይመታል። «ተው» ማለት ደግሞ የልጁን ሐሳብ እዚያው ቲኩ ላይ ስለሚቸክለው ያብሰዋል። ቲክ ብልግና አይደለም፤ የአስተዳደግ ጉድለትም አይደለም። ከአንጎል አሠራር ጋር የተያያዘ፣ በቤተሰብ የሚወርድ ዝንባሌ ያለው ነገር ነው።

አሁን ወደ ስሞቹ እንምጣ። ቲክ ከጀመረ ገና ዓመት ካልሞላው ሐኪሞች ጊዜያዊ ይሉታል። ከዓመት ካለፈና እንቅስቃሴ ብቻ ወይም ድምፅ ብቻ ከሆነ የሰነበተ ይሉታል። ሁለቱም ዓይነት ካለ፣ ማለትም ከአንድ የበለጠ የእንቅስቃሴ ቲክና ቢያንስ አንድ የድምፅ ቲክ፣ ከዓመት በላይ ከቆየ፣ የጀመረውም ከ18 ዓመት በፊት ከሆነ «ቱሬት» ይባላል። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1885 ዘጠኝ ሕሙማንን ገልጾ ከጻፈው ፈረንሳዊ ሐኪም ከዢል ደ ላ ቱሬት ነው። በወረቀት ላይ «ቲ.ኤስ» ተብሎ ታገኙታላችሁ።

ፊልም ላይ ቱሬት ያለበት ሰው ሁልጊዜ ሲሳደብ ይታያል። ይሄ አብዛኞቹን አይመለከትም፤ ሳይፈልግ ስድብ የሚያመልጠው ከአሥሩ አንዱ ወይም ከዚያ ጥቂት በላይ ነው። ስለዚህ ወላጅ «ቱሬት» ሲባል ልጄ ተሳዳቢ ይሆናል ብሎ አይደንግጥ።

ሌሎች ፊደላትም አብረው ይመጣሉ። «ኤ.ዲ.ኤች.ዲ» የትኩረት ችግርና ያለመረጋጋት ነው። «ኦ.ሲ.ዲ» አንድ ሐሳብ ሙጭጭ ብሎ እየመጣ፣ እጅ ደጋግሞ መታጠብን ወይም በር ደጋግሞ ማየትን የሚያስገድድ ነገር ነው። ሁለቱም ከቱሬት ጋር አብረው ይገኛሉ፤ ብዙ ጊዜም ልጁን ከቲኩ ይልቅ የሚያስቸግሩት እነሱ ናቸው። «ሲቢት» ብለው የሚጠሩት የመድኃኒት ስም አይደለም፤ ልጁ ቲኩ ሊመጣ ሲል የሚሰማውን ስሜት እንዲያውቅና በምትኩ ሌላ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ የሚያስተምር ሥልጠና ነው። ከዚሁ ጋር «ኤች.አር.ቲ» ይጻፋል፤ ልማድን የመለወጥ ሥልጠና ማለት ነው። ይኸው ምሕጻረ ቃል ግን በሴቶች ሐኪም ወረቀት ላይ የሆርሞን ሕክምና ነው። «ቲ.ዲ»ም እንዲሁ አንዳንድ ቦታ የቲክ ችግር ነው፣ ሌላ ቦታ ደግሞ አንዳንድ የአእምሮ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ የሚያመጡት የአፍና የፊት እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ ፊደላቱን ብቻ ይዞ ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ሌላ ሰው በሽታ ውስጥ ይከታል።

ለወጣቶቹ አንድ ነገር እንጨምር። በኮሮና ጊዜ፣ በ2020 እና በ2021፣ በተለያዩ አገሮች ያሉ ሐኪሞች በተለይ ልጃገረዶች ላይ ድንገት የሚጀምር ቲክ የሚመስል እንቅስቃሴ አዩ። ብዙዎቹ ቲክቶክ ላይ እንዲህ ያሉ ቪዲዮዎችን ሲመለከቱ የቆዩ ነበሩ። ማስመሰል አልነበረም፤ ጭንቀት በሰውነት በኩል ሲወጣ ነበር። ሕክምናው ግን ከቱሬት ይለያል። ስለዚህ ስሙን ሐኪም ይስጠው እንጂ እኛ ከስልክ ላይ አንስተን አንለጥፍ።

ስናስተረጉም ምን እንበል? «ያንቀጠቅጠዋል» ካልን እናታችን የሚጥል በሽታ ነው ብላ ትደነግጣለች። የሚጥል በሽታ ሌላ ነው። ልጁ ራሱን ከሳተ፣ ከወደቀ፣ ስሙን ሲጠሩት ካልሰማ፣ ያ ቲክ አይደለም፤ ሳይዘገይ ሐኪም ይየው። ቲክ ላይ ያለ ልጅ ግን ይሰማል፣ ይመልሳል። ስለዚህ «ሳይፈልገው ድንገት የሚመጣበት እንቅስቃሴ ነው፤ ስሙ ቲክ ይባላል፤ ከፋይሉ ቲክ ጋር አይገናኝም» እንበል። ይረዝማል፤ ይርዘም።

ስለዚህ ነገር ቤታችን ውስጥ ሌላም ስም ይሰጣል። «ዓይነ ጥላ ነው»፣ «ዛር ነው»፣ «ቡዳ በልቶት ነው» የሚሉ አሉ። ታላላቆቻችንን ልንነቅፍ አልመጣንም፤ ሌላ ማብራሪያ ባልነበረበት ዘመን የተሰጠ ስም ነው። ነገር ግን እናስታውስ። በአገር ቤት ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው የኖሩትን አባቶቻችንንና እናቶቻችንን ጎረቤት «ቡዳ» ይላቸው ነበር። በዚያ ቃል ምክንያት የተጠሉ፣ የተሰደዱ አሉ። ቃል ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? «ስም ከቤት ይወጣል፣ ጎረቤት ይቀበለዋል» ይባላል። ዓይኑን የሚያርገበግብ ልጅ ላይ መጥፎ ስም ከገዛ ቤቱ አይውጣበት።

ለትምህርት ቤትም ዝም አንበል። ዮዔጼቷን አግኝቶ «ልጄ ቲክ አለበት፤ ሆን ብሎ አይደለም» ማለት ብዙ ይለውጣል። ልጁ ሲከብደው ለአፍታ ወጥቶ እንዲመለስ፣ ፈተና ላይ እንዳይጨነቅ ማመቻቸት ይቻላል። አንድ ጠቃሚ ነገር ደግሞ፦ ልጁ ሮፌው ፊት ሲቀርብ ቲኩን አፍኖ ምንም ላይታይበት ይችላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሳይታወቀው በስልክ ትንሽ ቀርጻችሁ ለሐኪሙ አሳዩ፤ ለሐኪሙ ብቻ፣ ለቤተሰብ ዋትሳፕ አይደለም።

ወደ ሦስተኛው ቲክ እንለፍ፤ ወደ መዥገር።

መዥገርን ለአባቶቻችን ማስተማር አያስፈልገንም፤ ከከብት ጡት ሥር ሲነቅሉ ያደጉ ናቸው። አማርኛችን የማይላቀቅ ሰውን «እንደ መዥገር ተጣበቀ» ይላል። ዕብራይስጡም እንዲሁ ሙጭጭ የሚል ሰውን «ቃርጽያ» ይለዋል። ይህችን ልጆቻችን ቀድመው ያውቋታል።

እዚህ አገር መዥገር የሚያመጣቸው ሁለት በሽታዎች መታወቅ አለባቸው። አንደኛው «ቃዳሓት መዓሮት» ነው፤ የዋሻ ትኩሳት ማለት ነው። ዋሻና የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የሚኖር መዥገር ሌሊት ይነክሳል፤ ብዙ ጊዜ ሰውየው መነከሱን አያውቅም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኃይለኛ ትኩሳት ይመጣል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይመጣል። በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃሉ «ቲ.ቢ.አር.ኤፍ» ነው።

እዚህ ላይ አስተርጓሚዎች ቆም በሉ። ለእኛ ወላጆች «ቲ.ቢ» አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ። ወደዚህ አገር ስንመጣ የተመረመርንበት፣ ሰው የሚሸሽበት በሽታ ነው። በዚህ ምሕጻረ ቃል ውስጥ ግን ቲ እና ቢ «በመዥገር የሚተላለፍ» ማለት ብቻ ናቸው። በአውሮፓ ደን ውስጥ የሚገኘውና ክትባት ያለው «ቲ.ቢ.ኢ»ም እንዲሁ በመዥገር የሚመጣ የአንጎል ብግነት እንጂ ከሳንባ ጋር አይገናኝም። «ቃዳሓት» የሚለውን ቃልም «ወባ» ብሎ መተርጎም ልማድ ነው፤ እዚህ ግን ወባ አይደለም።

ለወላጆች የሚገባ ቃል አለን። በአገር ቤት «ግርሻ» የሚባለውን፣ እየለቀቀ የሚያገረሸውን ትኩሳት ታስታውሳላችሁ? ያ በቅማል የሚተላለፍ ነው። የዋሻው ትኩሳት የእሱ ዘመድ ነው፤ ሁለቱንም የሚያመጡት ቦሬሊያ የሚባሉ ተዋሲያን ናቸው። «እንደ ግርሻ ነው፣ ግን በቅማል ሳይሆን በመዥገር የሚመጣ ነው» ስንል ማንም አባት ይገባዋል። ዶክሲሳይክሊን በሚባል መድኃኒት ይታከማል። በ2006 የታተመ፣ በእስራኤል ወታደሮች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ለመዥገሩ ተጋልጠው መድኃኒቱን ቶሎ ከወሰዱት መካከል አንድም ሰው እንዳልታመመ አሳይቷል። ስለዚህ ጻቫ ያላችሁ፣ በቲዩልም ዋሻ የምትገቡ፣ ከዚያ በኋላ ትኩሳት ቢመጣባችሁ ለሐኪሙ «ዋሻ ገብቼ ነበር» ማለትን አትርሱ። ሐኪሙ ካልሰማ አይገምትም።

ሁለተኛው «ቃዳሓት ሀበሃሮት» ነው፤ የሽፍታ ትኩሳት። ቡናማው የውሻ መዥገር ያስተላልፈዋል፣ በበጋ ይበዛል። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ከዚያም መዳፍና የእግር መርገጫ ላይ ሳይቀር የሚወጣ ሽፍታ አለው። ሕክምናው ከዘገየ ሊገድል ይችላል። በወረቀት ላይ «ኤም.ኤስ.ኤፍ» ተብሎ ይጻፋል። ይኸው ፊደል በሱዳንና በኢትዮጵያ መጠለያዎች የምናውቀው የድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት ስምም ነው። ፊደሉ አንድ ሆኖ ነገሩ ሌላ መሆኑን አያችሁ?

መዥገር ሰውነት ላይ ከተገኘ በክብሪት አታቃጥሉት፣ ላምባ ወይም ቅቤ አትቀቡት። ጫፉ በቀጠነ መቆንጠጫ ቆዳው አጠገብ ይዛችሁ፣ ሳትጠመዝዙ፣ ሳትጨፈልቁ፣ ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ቦታውን በሳሙና ታጠቡ። ቀኑን ጻፉ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት ወይም ሽፍታ ከመጣ ያንን ቀን ለሐኪም ንገሩ።

አሁን ከሦስቱ ቲኮች ወደ ሥራችን እንመለስ። ለምናስተረጉም ወጣቶች የተስማማንባቸው አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ምሕጻረ ቃል አንተረጉምም። «በሙሉ ቃል ንገረኝ» እንላለን። ሮፌው ቢቸኩልም እንጠይቃለን። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የሕሙማን መብት ሕግ ሐኪሙ በሽተኛው በሚገባው መንገድ እንዲያስረዳ ያዛል፤ ጥያቄያችን ልመና አይደለም።

ሁለተኛ፣ ስንወጣ «ሲኩም ቢኩር»፣ ማለትም የጉብኝቱን ማጠቃለያ፣ በወረቀት እንቀበላለን። በሽተኛ የራሱን ቲክ ረፉኢ ቅጂ የማግኘት መብት አለው። ያኛው ቲክ የእኛ ነው፤ አንፍራው።

ሦስተኛ፣ እናታችን ያለችውን አንቆርጥም። «ይሄማ ዓይነ ጥላ ነው» ካለች፣ አፍረን አንዋጠው። ሐኪሙ እሷ ምን እንደምታስብ ካላወቀ የሚሰጠው ምክር ከእሷ ጋር አይገናኝም።

አራተኛ፣ ይሄ ለወላጆች ነው፤ በአክብሮት እንለምናችኋለን። ሁሉን ነገር በልጅ አታስተርጉሙ። ከባድ ዜና፣ የእናት የግል ሕመም፣ የአባት ጭንቀት በአሥር ዓመት ልጅ አፍ ማለፍ የለበትም። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት በቋንቋና በባህል ለሁሉም ተደራሽ እንዲሆኑ ታዝዘዋል። ሜጋሼር ካለ ይጠራ፣ የስልክ አስተርጓሚ ካለ ይደወል። የሚኒስቴሩ የስልክ መስመር፣ ኮከብ 5400፣ በአማርኛም ይመልሳል። ቶር ስትይዙ «አማርኛ እፈልጋለሁ» በሉ። ካልጠየቅን ማንም አያመጣልንም።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። እኛ የምንጨምረው፣ ሳይደብቅም ቃሉ በመንገድ ላይ ሊጠፋበት ይችላል የሚለውን ነው። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ልጆቻችሁን «ቲክ ስንት ነገር ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ሦስቱንም ከነገሯችሁ ይሄ ንግግር ሠርቷል። ዓይኑን የሚያርገበግብ ልጅ ቤት ካላችሁ ደግሞ ዛሬ «ተው» አትበሉት። አጠገባችሁ አስቀምጡት፣ ያጋመሰውን ወሬ አስጨርሱት።